ከሰማይ ዱብ ያለው ፍጻሜ

«ባትልስታር ጋላክቲካ» የተሰኘው የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ የመጨረሻ ክፍሉን ያሳየው ማርች 20 ቀን 2009 ነበር። በማግስቱ ተመልካቹ ጎራ ለየ። አንደኛው ወገን፣ አራት ምዕራፍ ሙሉ አብሮት የተንከራተተው ታሪክ የሚገባውን ማረፊያ አገኘ ብሎ እንባውን ጠረገ። ሌላው ወገን ግን ተሞኘሁ አለ። ለዓመታት ሲብሰለሰልባቸው የኖሩት እንቆቅልሾች በመጨረሻ ሲፈቱ መልሳቸው «የአምላክ ሥራ ነው» ሆኖ አገኘው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅሬታው የተራ ተመልካች ጉርምርምታ ብቻ አልነበረም። ዝነኛው የልቦለድ ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን፣ የታሪክን ቋጠሮ በአምላክ እጅ መፍታት የድርሰትን ሀ ሁ የዘለለ ሰው ሥራ ነው በሚል መንፈስ ፍጻሜውን በግልጽ ነቀፈ። (አሥር ዓመት ቆይቶ በእርሱ መጻሕፍት ላይ የተመሠረተው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በፍጻሜው የተነሣ የተመልካች ውርጅብኝ ወረደበት። ያን ፍጻሜ የጻፈው እርሱ ባይሆንም፣ የጋላክቲካ ወዳጆች በልባቸው ሳይስቁ አልቀሩም።) በኢንተርኔት መብት ተሟጋችነቱ የሚታወቀው ብራድ ቴምፕልተን ደግሞ ረጅም ትችት ጽፎ፣ በስክሪን ከታዩ የሳይንስ ልቦለድ ፍጻሜዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

ሃይማኖት በመጨረሻው ሰዓት በጓሮ በር ሾልኮ ገባ የሚለው ክስ ግን ውሃ አያነሳም። ከመነሻው ቤተኛ ነበር። እንዲያውም ቤተኛነቱ ከዚህኛው ድራማ ይቀድማል። የመጀመሪያው «ባትልስታር ጋላክቲካ» በኤቢሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1978 ሲሆን፣ የዚያን ምሽት ሥርጭት ግብፅና እስራኤል በካምፕ ዴቪድ መስማማታቸውን ለማብሰር መሐል ላይ ተቋርጦ ነበር። ፈጣሪው ግሌን ላርሰን የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። የሰው ዘር የፈለቀባት ፕላኔት «ኮቦል» መባሏ፣ በሞርሞኖች ቅዱስ መጽሐፍ ለአምላክ ዙፋን ቅርብ ነው የሚባለውን «ኮሎብ» የተባለ ኮከብ ያስታውሳል። የስደተኞቹ ሸንጎ የአሥራ ሁለት ሰዎች ጉባኤ መሆኑም ከቤተ ክርስቲያኒቱ አመራር የተቀዳ ነው። ሰይጣንን የሚወክለው ገጸ ባሕርይ ካውንት ኢብሊስ ይባላል፤ ኢብሊስ ማን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ መንገር አያሻም። ያ ተከታታይ በዓመቱ ተቋረጠ።

በ2003 ታሪኩን እንደገና ያነሣው ሮናልድ ሙር ካቶሊክ ሆኖ ያደገ፣ በኋላ ግን ከእምነቱ የራቀ፣ በ«ስታር ትሬክ» ድራማዎች ላይ ለዓመታት የጻፈ ሰው ነው። ሥራውን ሲጀምር የጻፈው መግለጫ የጠፈር ድራማን ከቲያትራዊ ግነት እናጽዳው የሚል ነበር። መጻተኛ ፍጡር የለም፤ ጨረር የሚተፋ ጠመንጃ የለም፤ መርከቡን በአንድ ደቂቃ የሚያድን የቴክኒክ ዝባዝንኬም የለም። ካሜራው እንደ ጦር ግንባር ዘጋቢ ካሜራ በትከሻ ተይዞ ይንቀጠቀጣል። ጋላክቲካ የተባለችው አሮጌ የጦር መርከብ የተረፈችው ኮምፒውተሮቿ እርስ በርስ ስላልተሳሰሩ ነው፤ መኮንኖቿ የሚነጋገሩት ሽቦ ባለው ስልክ፣ የሚያነቡትም አራቱም ማዕዘኑ በተቆረጠ ወረቀት ላይ ነው። የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪው እሰየው አለ። በመጨረሻ የተናደደው በአብዛኛው ይኸው እሰየው ያለው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ምድራዊ ነገር መሐል ሙር አንድ ያልተለመደ ነገር አስቀመጠ። ከአሥራ ሁለቱ ፕላኔቶቻቸው የተባረሩት ሰዎች ዜውስን፣ አቴናንና አፖሎን የመሳሰሉ ብዙ አማልክት ያመልካሉ። ሰው ሠርቷቸው በሰው ላይ የተነሡት ሳይሎን የተባሉት ማሽኖች ደግሞ «አንድ እውነተኛ አምላክ ብቻ አለ» ባዮች ናቸው። ሙር እንደተናገረው ነገሩ የጀመረው ሳይሎኗ ሴት ስለ አምላክ ፍቅር በምትናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ ረቂቁን ያነበበ የጣቢያው ኃላፊ ይህቺን ይዘህ ግፋ ብሎታል። ጊዜው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ያልሞላበት ነበር። በአንድ አምላክ የሚያምን፣ ስለ ነፍስና ስለ ኃጢአት የሚሰብክ፣ ከተማ የሚያጠፋ ጠላት፤ ተመልካቹ ደግሞ አብዛኛው ራሱ በአንድ አምላክ የሚያምን። መስተዋቱ የተገለበጠው ሆን ተብሎ ነው።

በዚያው በ2003ቱ መነሻ ፊልም መጨረሻ ላይ ያለውን ትዕይንት ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ስለ ድራማውና ስለ ሃይማኖቱ የሚነሣው ክርክር ፍሬ ነገር በሙሉ እዚያ እንዳለ ያስተውላል። ከሰው ዘር የተረፈው ወደ 50,000 ገደማ ነው። በመርከቧ ሰፊ አዳራሽ የሟቾች ሣጥን ተደርድሯል። ካህኗ ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ወታደሩ ግን ደንዝዞ፣ «ይሁን» የሚለውን ምላሽ በከንፈሩ ብቻ ያልጎመጉማል። ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ የሚጫወተው አዛዡ አዳማ ከመድረኩ ወርዶ በመካከላቸው ይቆማል፤ ቃሏን ራሱ ይደግማታል፤ እነርሱም እየጮኹ እስኪመልሱለት ድረስ ያስደግማቸዋል። ከዚያም በቅዱሳት ጥቅልሎች ውስጥ «ምድር» የተባለች አሥራ ሦስተኛ የወገን ምድር እንዳለች፣ መገኛዋንም እርሱ እንደሚያውቅ ይነግራቸዋል። አዳራሹ በእልልታ ይሞላል።

ወዲያው በኋላ ፕሬዚዳንት ሮዝሊን ብቻውን አግኝታ ታፋጥጠዋለች። አዳማ ምድርን አያውቃትም። ማንም አያውቃትም። እርሱ ራሱ በጥቅልሎቹ የማያምን ሰው ነው፤ ተስፋ ለቆረጠ ሕዝብ የሚሄድበት አገር ሊሰጠው ፈልጎ ዋሸ።

የዚህ ትዕይንት ጉልበት ያለው ሦስት ነገር በአንድ ላይ በመሸከሙ ነው። ሃይማኖት ለፖለቲካ መሣሪያ ሲሆን ያሳያል። መሣሪያው ግን ሐሰት ቢሆንም ሰው ያድናል። ከዚህም በላይ ዋሾው ሳያውቀው ውሸቱ እውነት ሊሆን እንደሚችል በር ክፍት ይተዋል። አማኙም ኢአማኒውም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱም የየራሱን ድራማ ያያል፤ ሁለቱም አልተታለለም።

«33» የተሰኘው የተከታታዩ የመጀመሪያ ክፍል ይህንኑ ዘዴ አጥብቆ ይዟል። ሳይሎኖች በየ33 ደቂቃው ያጠቃሉ፤ ሠራተኛው ከ130 ሰዓት በላይ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አሥራ ሁለቱን ፕላኔቶች ሳያውቅ ለጠላት አሳልፎ የሰጠው ሳይንቲስት ጋየስ ባልታር፣ ምስጢሩን ሊያጋልጥ የሚችል ሰው ከ1,300 በላይ ተሳፋሪ በያዘች አንዲት መርከብ ላይ መኖሩን ይሰማል። ለእርሱ ብቻ የምትታየው ሴት በጆሮው «ንስሐ ግባ» ትለዋለች። ባልታር በፍርሃት ንስሐ ይገባል። በዚያው ቅጽበት ፕሬዚዳንቷ መርከቧ የኑክሌር ቦምብ ይዛለች በሚል ጥርጣሬ እንድትመታ ታዝዛለች። አምላክ ጸሎቱን ሰማው? ከሰማውስ ምን ዓይነት አምላክ ነው? ወይስ አጋጣሚ ነው? ክፍሉ መልስ ሳይሰጥ አለቀ። በ2005 የሁጎ ሽልማትንም አሸነፈ።

ያቺ የማትታይ ሴት ማን ናት የሚለው ጥያቄ አራቱን ምዕራፍ ይዞ ዘለቀ። መልአክ ልትሆን ትችላለች፤ በጭንቅላቱ የተቀበረ ቺፕ ልትሆን ትችላለች፤ ጸጸት የወለደው እብደትም ልትሆን ትችላለች። በሁለተኛው ምዕራፍ ባልታር ጭንቅላቱን ሲመረመር ቺፕ አልተገኘበትም። ያም ሆኖ ነገሩ አልተቋጨም።

ሌላም ቅሬታ ነበር፤ «ጦርነት ሊያሳዩን ጠርተውን የፍቅርና የትዳር ጣጣ ያሳዩናል» የሚል። በሦስተኛው ምዕራፍ አጋማሽ ላይ ሊ፣ ካራ፣ ዱዋላና አንደርስ የተባሉት ገጸ ባሕርያት አራት ማዕዘን ፍቅር ክፍል በክፍል ሲጎተት ይህን ያልተናገረ ተመልካች ጥቂት ነው። እውነት አላቸው፣ ያ ክፍል አሰልቺ ነበር። ይሁንና ድራማው ለሳምንታት ያነጋገረው የሰዎቹን ጣጣ ከእምነታቸውና ከሕጋቸው ጋር ሲያጋጭ ነው። ሮዝሊን ዕድሜዋን ሙሉ ለሴቶች መብት የቆመች ፖለቲከኛ ሆና ሳለ፣ የሰው ዘር ሊያልቅ ነው በሚል ስሌትና ከአክራሪ አማኞች በሚመጣ ግፊት ተይዛ ጽንስ ማስወረድን ትከለክላለች። በ2006 ማብቂያ ላይ ደግሞ አሜሪካ ኢራቅ ውስጥ ተዘፍቃ ሳለ፣ ተመልካች የሚወዳቸው ጀግኖች በወራሪ ሥር ወድቀው አጥፍቶ ጠፊ ሲያሰማሩ ታየ። የፒቦዲ ሽልማት ለድራማው የተሰጠው፣ ታይም መጽሔትም የ2005 ምርጥ ተከታታይ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍጻሜው ሊታይ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማርች 17 ቀን 2009፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሙርንና ተዋንያኑን ኒውዮርክ ጋብዞ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ሽብርና ስለ ሃይማኖቶች ውይይት አነጋገራቸው። መድረኩን የመራችው ዉፒ ጎልድበርግ ነበረች። በአዳራሹ ጠረጴዛዎች ላይ በአገሮች ስም ፈንታ የአሥራ ሁለቱ ምናባዊ ፕላኔቶች ስም ተለጥፎ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፍጻሜው። ካራ ትሬስ፣ ሞታ የተመለሰችው አብራሪ፣ የአንድ ዘፈን ኖታዎችን ወደ ቁጥር ቀይራ መርከቧን ወደማታውቀው ስፍራ ታስወነጭፋለች፤ የሚደርሱበትም የእኛዋ ምድር ነው። ካራ ሜዳ ላይ ቆማ ከወዳጇ ጋር እየተጫወተች፣ ዞር ብሎ ሲመለስ የለችም። ማን እንደነበረች አይነገርም። ታሪኩ 150,000 ዓመት ወደፊት ዘልሎ ኒውዮርክ ይገባል። ባልታርና ሴቲቱን የሚመስሉት ሁለቱ መላእክት በታይምስ አደባባይ እየተንሸራሸሩ ስለ አምላክ ዕቅድ ያወራሉ፤ አንደኛው ለሌላዋ አምላክ በዚህ ስም መጠራት እንደማይወድ ያስታውሳታል። ሙር ራሱ መጽሔት ሲያነብ ይታያል። መጽሔቱ በታንዛኒያ የተገኘች የሰው ዘር ሁሉ እናት፣ «የሚቶኮንድሪያዋ ሔዋን»፣ አፅምን ይዘግባል። እርሷም ከሰውና ከሳይሎን የተወለደችው ሕፃን ሄራ ናት።

ሳይንሱ የሚላላው እዚህ ላይ ነው። በ1987 ርብቃ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አላን ዊልሰን የ147 ሰዎችን ሚቶኮንድሪያ አወዳድረው፣ ዛሬ ያለ ሰው ሁሉ በእናት በእናት ሲቆጠር አፍሪካ ውስጥ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት ከኖረች አንዲት ሴት እንደሚደርስ አሳዩ። ይህች ሴት በዘመኗ ብቸኛዋ ሴት አልነበረችም፤ ከጎኗ የኖሩ የብዙ ሌሎች ሰዎች ደምም በእኛ ውስጥ አለ። ድራማው ግን ስሟን ወስዶ የምርጫና የተአምር ማኅተም አደረጋት። ቴምፕልተንን ካንገበገቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች በዚህ ላይ የሚጨምረው አለው። ስደተኞቹ ምድር ሲደርሱ የሚያገኟቸው ነባር ሰዎች ገና ቋንቋ ያልጀመሩ ተደርገው ቀርበዋል። በዚያው ዘመን አካባቢ፣ ከ160,000 ዓመት በፊት፣ በአፋር መካከለኛው አዋሽ ሄርቶ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው በ2003፣ ልክ የሙር ፊልም በወጣበት ዓመት፣ ይፋ ካደረጓቸው የራስ ቅሎች መካከል የአንድ ሕፃን ራስ ቅል ይገኛል። በስለት ሥጋው የተለየ፣ በእጅ ብዛትም የለሰለሰ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ለሙታን ከሚደረግ ሥርዓት ጋር አያይዘውታል። የኦሞ ኪቢሽ ሰዎች ደግሞ በ2022 በወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ230,000 ዓመት በላይ ነው። ለሙታኑ ሥርዓት የሚያደርግ ሕዝብ ቋንቋ ያመጣለት ከጠፈር የወረደ እንግዳ ነው ማለት፣ በጠፈር መርከብ ቢመጣም ያው የድሮ ንቀት ነው።

አምላክን ከላይ አውርዶ ቋጠሮ መፍታት የዛሬ ዘዴ አይደለም። የጥንት ግሪኮች በቲያትራቸው አማልክትን የሚያወርዱበት ማንሻ ማሽን ነበራቸው። አርስቶትል ስለ ድርሰት ጥበብ ሲጽፍ፣ ሜዲያ ልጆቿን ገድላ በሰማይ ሠረገላ የምታመልጥበትን የኤውሪፒደስን ፍጻሜ ነቅሶ ነቅፏል፤ መፍትሔው ከታሪኩ ከራሱ መምጣት አለበት ባይ ነው። አርስቶትል አምላክ የለሽ አልነበረም። ማርቲንም የደገመው የእርሱን ነቀፋ ነው።

ታዲያ ተአምር በሳይንስ ልቦለድ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ነው? ሙር ራሱ ከጻፈባቸው ድራማዎች አንዱ ተቃራኒውን ያሳያል። የ«ስታር ትሬክ» ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ በባፕቲስት ቤት አድጎ በኋላ ሃይማኖትን የተወ ሰው ነበር፤ የመጪው ዘመን ሰው አምልኮን ጥሎ እንደሚያድግ ያምን ነበር። በ1991 ከሞተ በኋላ፣ በ1993 የጀመረው «ዲፕ ስፔስ ናይን» ግን ቤጆራውያን የሚባሉ አማኝ ሕዝቦችን መሐል ላይ አስቀመጠ። በጠፈር ዋሻ ውስጥ የሚኖሩትን ፍጡራን ቤጆራውያን «ነቢያት» ይሏቸዋል፤ የምድር መኮንኖች ደግሞ «የዋሻው እንግዶች» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተዘጋው፣ አንዲት መምህርት በክፍሏ ፍጡራኑን አማልክት ሳትል በማስተማሯ በተነሣ ጠብ ትምህርት ቤቱ በቦምብ ሲመታ ነው። ዝግመተ ለውጥን ስለማስተማር ሲካሰስ ለኖረው የአሜሪካ ተመልካች ነገሩ ቅኔ አልነበረም።

በ1997 በታየው ክፍል 2,800 የጠላት መርከቦች በዋሻው እየመጡ ሳለ፣ አዛዡ ሲስኮ ነቢያቱን ይማጸናል፤ መርከቦቹም እንደ ጉም ይበናሉ። ከሰማይ ዱብ ያለ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ያኔም ያጉረመረመ ተመልካች አልጠፋም። ልዩነቱ ተአምሩ በነጻ አለመምጣቱ ነው። ነቢያቱ ሲስኮን ዋጋ ትከፍላለህ፣ በምትወዳት ፕላኔት ላይ ዕረፍት አታገኝም ይሉታል። ዕዳው አልተረሳም። በ1999 ተከታታዩ ሲያልቅ ሲስኮ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ ወደ ነቢያቱ ሄደ። ተመልካቹ ያለቀሰው ስላመነ ወይም ስላላመነ አይደለም፤ ሰውየው ምን እንደከፈለ ስላየ ነው።

የ«ባቢሎን 5» ደራሲ ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ደግሞ በአምላክ እንደማያምን በይፋ የሚናገር ሰው ነው። በ1994 በታየ አንድ ክፍል እያንዳንዱ የጠፈር ዘር እምነቱን በበዓል ሲያሳይ፣ የምድር ተወካይ እንግዶቹን ወስዶ በረድፍ የቆሙ ሰዎችን ያስተዋውቃቸዋል፦ ኢአማኒ፣ ካቶሊክ፣ ሙስሊም፣ አይሁዳዊ፣ ኦርቶዶክስ እያለ፤ ረድፉ ሳያልቅ ክፍሉ ያልቃል። የማያምን ደራሲ ለአማኞች ይህን ያህል አክብሮት ሲያሳይ፣ ጠቡ በእምነት ላይ ብቻ የተመሠረተ አለመሆኑ ይገለጣል።

የጋላክቲካ ፍጻሜም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ሙር የመጨረሻውን ክፍል ሲያዋቅር ታሪኩ አልፈታ ብሎት ተቸግሮ፣ ዋናው ነገር ገጸ ባሕርያቱ መሆናቸውን ለራሱ በሰሌዳ ላይ ጽፎ እንደነበር ተናግሯል። ገጸ ባሕርያቱን በተመለከተ ተሳክቶለታል። ሮዝሊን በአዳማ አውሮፕላን ውስጥ የሜዳውን እንስሳት ቁልቁል እያየች ስትሞት፣ ሕዝቡን ወደ ምድረ ርስት መርቶ ሳይገባባት የሚሞተው መሪ ትንቢት ይፈጸማል፤ ለዚያ ትንቢት ደግሞ ሕይወቷን ከፍላለች። ካራ ግን ምንም ሳትከፍል፣ ምንም ሳይጠየቅባት ጠፋች። የታይምስ አደባባዩ ጭውውት ደግሞ አራት ምዕራፍ ሙሉ ክፍት የነበረውን በር ዘጋው። የማያምነው ተመልካች ሳይፈልግ መልአክ ታደለ፤ አማኙ ደግሞ ስሙን የማይወድ፣ የማይጸለይለት፣ ሒሳብ እንደሚያወራርድ ነገር የሚወራለት አምላክ ደረሰው። ሁለቱንም ያስከፋው ይህ ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍርድ፦ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ባይኖሩ፣ ፍጻሜው ከዘመኑ ምርጥ ፍጻሜዎች ጎን ይሰለፍ ነበር።

በ2010 የታሪኩን ቀዳማይ ክፍል የሚተርከው «ካፕሪካ» ሃይማኖትን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ፊት ለፊት አመጣው፤ በአንድ አምላክ ያመነ ወጣት ባቡር በቦምብ ሲያጋይ ይጀምራል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተሰረዘ። በጋላክቲካ ክርክር ውስጥ ገብቶ ለመፍረድ የሚሻ አንባቢ ግን ከፍጻሜው አይጀምር፤ የ2003ቱን መነሻ ፊልም እስከ መጨረሻው ይይ፣ ከዚያም «33»ን ያስከትል። ሁለቱ ተደምረው አራት ሰዓት አይሞሉም።